እናቴ ቤቷን የሸጠችበት ቀን

ባለፈው ክረምት ልጆቼ ወዳሉበት ለመጠጋት ብዬ ቤቴን ሸጥኩ። ገዢው ጨዋ ሰው ነበር፤ ጭቅጭቅም አልነበረንም። ግን ውል የምታዋውለው ልጅ ወረቀቱን ዘርግታ «እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ እናቴ» ስትለኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ብዕሩን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ልጅቷ አዘነችልኝና ውኃ አስመጣችልኝ። «ቤት መሸጥ ከባድ ነው፤ ብዙ ሰው እንዲህ ይሆናል» አለችኝ። ቤቱን የወደድኩት መስሏታል። ያ ቤት ጣሪያው እያፈሰሰ ዕድሜዬን የጨረሰ ቤት ነው፤ አንድ ጠብታ እንባ አላፈሰስኩለትም። እጄን የያዘኝ ሌላ ነው። የቤት ሽያጭ ወረቀት ፊቴ ሲዘረጋ እኔ ዛሬም ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ዛሬም ናዝሬት ውስጥ አንድ የመንግሥት ቢሮ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ የሰውየውንም እንደዚሁ። የቀረውን ግን ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ለእናቴና ለአባቴ አንድ ልጅ ነኝ። አባቴ አቶ ደምሴ የባቡር መካኒክ ነበር፤ የተበላሸ ነገር ካየ እንቅልፍ የማይወስደው፣ በብልጠቱም በጣም የሚኮራ ሰው። እናቴ ወይዘሮ ብዙነሽ ደግሞ ነገር አታበዛም፤ ከተናገረች ግን የተናገረችውን አትመልስም። ሁለት ቤት ነበረን። ትልቁ እኔ የተወለድኩበት፣ አባቴ በየእሑዱ ብሎኬት እየደረደረ በገዛ እጁ የሠራው ነው። ትንሹ ከሐዲዱ አጠገብ ያለ፣ ለሥራ ባልደረባው ያከራየው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር።

የከተማ ቤት አዋጅ ሲታወጅ «አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም፤ ትርፉ የሕዝብ ነው» ተባለ። ሰፈሩ ሁሉ ራሱን ይዞ ሲጮህ አባቴ ጋዜጣውን ሦስት ጊዜ አነበበና ፈገግ አለ።

«አንድ ቤተሰብ ነው የሚለው» አለ። «ሁለት ቤተሰብ ብንሆንስ?»

እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አማተበች። «ለቀበሌ እንስጠውና እንገላገል» አለች። አባቴ ግን «እጄን ቆርጬ ልስጥ?» ብሎ ተቆጣ። «ወረቀት ነው፣ ብዙዬ። ለወራት ነው። ነገሩ ሲረጋጋ እንታረቃለን።»

እንዲህ ያደረጉት እነሱ ብቻ አልነበሩም። በዚያ ሰሞን ናዝሬት ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት በሰላም የኖሩ ባልና ሚስቶች ድንገት መስማማት አቅቷቸው ነበር። ችግሩ፣ በዚያን ጊዜ ፍቺ በሽማግሌ ነው የሚታየው። የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ የዋሆች ነበሩ፤ ሥራቸውን የምር ያዙት። አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን እያግባቡ ሊያስታርቁ ተነሡ። «ሦስት ወር አስቡበት» አሉ። ቤት የማስመዝገቢያው ቀን ደግሞ እየደረሰ ነበር። እናቴ ጨነቃት። ሽማግሌው «ግን በደሉ ምንድን ነው፣ ልጄ?» ብለው ሲጠይቋት ያልተዘጋጀችበት ነገር ከአፏ ወጣ።

«ይደበድበኛል» አለች።

አባቴ ዶሮ እንኳ ማረድ የማይሆንለት ሰው ነው፤ ለበዓል ጎረቤት ነው የሚያርድልን። ክው ብሎ አያት። ከዚያ አንገቱን ደፋና «አዎ፣ ጥፋተኛ ነኝ» አለ። ይህም ቃል በቃል ተጻፈ፤ ማኅተምም ተመታበት።

ለወራት የተባለው ስድስት ዓመት ሆነ። ትልቁ ቤት በእናቴ፣ ትንሹ በአባቴ ስም ተመዘገበ፤ ተከራዩ ለቀቀና አባቴ ትንሹ ቤት ገባ። በሰፈሩ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ተባለ። የእድር ሴቶች ሲያልፍ ፊታቸውን ያዞሩበት ነበር፤ አንዷማ በአደባባይ ምራቋን እንትፍ ብላበታለች። እናቴም ያንን እያየች ዝም ማለት ነበረባት። ራሽኑ ለየብቻ፣ የቀበሌ ስብሰባው ለየብቻ ሆነ። በየቀበሌው ጆሮ ጠቢ አለ፤ ማን ከማን ቤት እንደገባ ይመዘገባል። ስለዚህ አይጎበኛትም፣ አትጎበኘውም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሱ በወንዶች በር፣ እሷ በሴቶች በር ገብተው በሩቅ ይተያያሉ።

መልእክተኛዋ እኔ ነበርኩ። ለዚህም ጥሩ ሰበብ ነበረን። የእናቴ የማንበቢያ መነጽር ተሰብሮ ሌላ ማግኘት አልተቻለም፤ ዓይናቸው ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ጠዋት የአባቴ መነጽር እናቴ ጋ ይውልና ዳዊቷን ትደግምበታለች። ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ለአባቴ አደርሰዋለሁ። ማህደሩ ውስጥ ሁልጊዜ የታጠፈች ብጣሽ ወረቀት አለች። አላነብም ብዬ እምላለሁ፤ ግን አነብ ነበር። «ሹራብህን ልበስ፣ ነፋስ ነው» ትላለች። «ዛሬ ሹሮው ጨው በዛበት፣ ያንቺን አስታወሰኝ» ይላል። ሽማግሌ ወላጆቼ እንደ ጉብልና ኮረዳ ሲጻጻፉ ማንበብ እንዴት እንደሚያሳፍር የገባው ይገባዋል።

ሁሉም ነገር የተቀየረው አንድ ቀን መነጽሩን ይዤ ስሄድ አባቴን ወለል ላይ ወድቆ ሳገኘው ነው። የደም ግፊት ነበር። ከወደቀ ብዙ ሰዓት አልፎታል፤ ውኃ የሚያቀብለው ሰው አልነበረም። ተርፎ ተነሣ። ለእናቴ ስነግራት አላለቀሰችም። በዚያ ቀን የጻፈችውን ወረቀትም ተደብቄ ማንበብ አላስፈለገኝም፤ እኔው ፊት ነው የጻፈችው። «ቤቴን እሸጣለሁ። አንድ ቤት ብቻ ሲቀረን ትታረቀኛለህ። እምቢ ካልክ የምር ፈትቼሃለሁ» ይላል። አባቴ ተሸነፈ።

ቤት መሸጥ ያኔ ክልክል አልነበረም፤ ፈቃዱ ግን የመንግሥት ነው። ገዢ አገኘን። አቶ ጉደታ ይባላሉ፤ ሻሸመኔ እህል የሚነግዱ፣ ልጆቻቸውን ናዝሬት ማስተማር የፈለጉ ሰው ናቸው። ቤቱን ሊያዩ ሲመጡ በር ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው «አካም ጅርቱ፣ አዴ ብዙነሽ?» ብለው በጨዋ ደንብ ሰላም አሏት። እናቴ ወደደቻቸው። ወረቀቱም ደህና ሲሄድ ቆየ። የቀበሌው ድጋፍ ተጻፈ፤ ለኪውም መጥቶ ለካ። በመጨረሻው ሰዓት ግን ከቢሮው አንድ ትእዛዝ መጣ፦ የቀድሞ ባል ኋላ ይገባኛል እንዳይል በአካል ቀርቦ ጥያቄ የለኝም ብሎ ይፈርም።

ሁለቱ ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ያውም በመንግሥት ሰው ፊት ሊቆሙ ሆነ። ከታወቀባቸው ትርፍ ቤት ደብቀዋል ይባላል። የሚሄደው ሁለቱም ቤት ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ ተብሎ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም፤ የደም ግፊት ያለበት ሰውም ከዚያ በሕይወት መውጣቱን እንጃ።

አባቴ በብጣሿ ወረቀት «ነገ ፊቴን አጠቁራለሁ» ብሎ ጻፈ። እናቴ «አንተ ፊት ማጥቆር አይሆንልህም። መሬት መሬቱን እይ» ብላ መለሰች። ለእኔ ደግሞ «መነጽሩ ካንቺ እጅ እንዳይወጣ። ስፈርም አንቺው ትሰጪኛለሽ» አለችኝ። ከዚያ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። እሱንም አበላሸሁት።

ሐሙስ ቀን ነበር። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን አንሥቶ ግቢውን ቢጫ አድርጎታል። ኮሪደሩ ላይ አባቴ አንድ ቅጽ እንዲሞላ ተሰጠው። ፊደሉ አልታይ ብሎት ወደ እኔ ዞር አለ፤ አሳዘነኝና መነጽሩን ሰጠሁት። ሞልቶ ሳይጨርስ ስማችን ተጠራ። ግር ብለን ገባን። መነጽሩ አባቴ አፍንጫ ላይ እንዳለ ያየሁት በሩ ከኋላችን ከተዘጋ በኋላ ነው።

ኃላፊው አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ካኪ ሳፋሪ የለበሰ ሰው ነበር። ከራሱ በላይ የዘመኑ የሶሻሊዝም አባቶች፣ ሦስቱ ጢማሞች በሥዕል ተሰቅለዋል። ድምፁን አያነሣም፤ ይኼ ከሚጮኹት ይበልጥ ያስፈራኝ ነበር። አቶ ጉደታ በእናቴ በስተግራ፣ እናቴ መሐል ተቀመጡ። አባቴ በአንድ ወንበር ርቀት ከእናቴ ጎን ተቀመጠ። እኔ ከግድግዳው ተጠጋሁ።

ኃላፊው ፋይሉን ከፍቶ የፍቺውን ወረቀት አወጣ። ቀስ ብሎ አነበበ።

«ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ይህ ሰው ይደበድብዎት ነበር?»

«አዎ» አለች እናቴ።

«በምን?»

ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። እናቴ «ባገኘው» አለች።

«አሁንም ይፈሩታል?»

«አሁን ምኔ ነው?»

ኃላፊው ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ እንደተባለው መሬት መሬቱን ያያል። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። «በቤቱ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ አለ?»

«የለኝም፣ ጓድ።»

«ከሴትየዋስ ጋር ግንኙነት አለዎት?»

«በመንገድም አላውቃት።»

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። ደህና ሄደ አልኩ። ማኅተሙን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ውሉን እናቴ ፊት ዘረጋው። «እንግዲህ ያንብቡትና ይፈርሙ» አላት።

እናቴ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች። ከወረቀቱም ዓይኗን ሳታነሣ ቀኝ እጇን ወደ ጎን ዘረጋች፤ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ። ወደ እኔ አልነበረም የዘረጋችው። ዕድሜ ልኳን የዘረጋችበት አቅጣጫ ነው። አባቴ ደግሞ አላሰበም፤ ቢያስብ ኖሮ እጁ ቢሰበር ይመርጥ ነበር። መነጽሩን ከዓይኑ አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ አንዱን መስታወት፣ ቀጥሎ ሌላውን ጠረገ፣ የመነጽሩን እጀታዎች አጠፈና መዳፏ ላይ አኖረላት። እናቴ አጠለቀችው። ማንበብ ጀመረች።

የጣሪያውን ቆርቆሮ ነፋሱ ሲያንኳኳው ይሰማኝ ነበር። አቶ ጉደታ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ኃላፊው ማኅተሙን እንደያዘ ቀርቷል። እናቴ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። የሆነው ያኔ ገባት። አልተነሣችም፣ አልዞረችም። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ብቻ ሲዘል አየሁት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት አልኩ።

«ከተፋታችሁ ስንት ጊዜ ሆነ?» አለ ኃላፊው፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ።

«ስድስት ዓመት» አለ አባቴ። ድምፁ አልወጣም፤ ደገመው።

ኃላፊው ውሉን ከእናቴ እጅ ሳብ አድርጎ ወሰደና መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። የአባቴንና የእናቴን መታወቂያ ተቀበለ። «ሽያጩ ለጊዜው ታግዷል። አቶ ጉደታ መሄድ ይችላሉ። እናንተ ስምንት ሰዓት ላይ ትገባላችሁ። ከግቢ እንዳትወጡ» አለ። ከዚያ በመስኮቱ ጠመንጃ የያዘውን ጥበቃ ጠርቶ በጣቱ ሦስታችንን አሳየው።

አቶ ጉደታ ሲወጡ እናቴ አጠገብ ቆም አሉ። በለሆሳስ «ዋቅኒ እስን ሃ ገርጋሩ» አሏት። እግዜር ይርዳዎት ማለታቸው ነው። ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ ያዩትንም ለማንም እንዳልተናገሩ ኋላ ዓመታት ሲያልፉ አወቅን።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል እንጠብቃለን። እስከዛሬ ድረስ እንደዚያ ረጅም ጊዜ አልኖርኩም። እንደተፋታ ሰው መለያየት ስላለባቸው እናቴ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ፣ አባቴ ከግቢው ማዶ ግራር ሥር ተቀመጡ። እኔ በመሐል እመላለሳለሁ። ጥበቃው በዓይኑ ይከተለኛል።

አባቴ ጋ ስደርስ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ለእናትሽ ንገሪያት» አለኝ። «ስንገባ እኔ እናገራለሁ። አስገድጃት ነው እላለሁ። መደብደቡም እውነት ነው፣ ደብድቤ ነው ያስፈረምኳት እላለሁ። እሷ ዝም ትበል።»

ወደ እናቴ ሄድኩ። ሰምታኝ «ሂጂ ንገሪው» አለች። «ውሸቱን ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የምታሰረውም እኔ ነኝ። እሱ እስር ቤት አንድ ሳምንት አይቆይም። መድኃኒቱን ማን ይሰጠዋል?»

ተመለስኩ። «እሷማ አብዳለች!» አለ አባቴ። «ለእኔ ስትል እሷ ትታሰር? ንገሪያት፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ የምለውን ትስማ!»

«መቼ ነው እሱ እኔን የሰማኝ?» አለች እናቴ። «ለቀበሌ እንስጠው አላልኩም? እንገላገል አላልኩም? በለቅሶ ለምኜው የለ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። ጥበቃው ዞሮ አያት። ማዶ አባቴም ተነሥቶ ቆመና እጁን እያወራጨ አንድ ነገር አለ። እነሆ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የምር ተጣሉ፤ ያውም በእኔ አፍ። ለሚያያቸው ሰው የለየላቸው ፈት ይመስሉ ነበር። ቢሮ ውስጥ ያስፈለገን ይኼ ነበር፤ ግን አልፏል።

ሰባት ሰዓት ገደማ አንድ ላንድሮቨር አቧራውን እያቦነነ ግቢ ገባ። ሁለት ታጣቂዎች ዘለው ወረዱና ቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገቡ። አባቴ አየኝ። ኪሱን በርብሮ የቤቱን ቁልፍና የመድኃኒቱን ብልቃጥ አወጣ። ቁልፉን እጄ ላይ አኖረ። ብልቃጡን መልሶ ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ ደግሞ አወጣና እሱንም ሰጠኝ። «እዚያ ይወስዱብኛል፣ ምን ያደርግልኛል» አለ። ሁለቱንም በአንድ እጄ ጨበጥኳቸው።

ታጣቂዎቹ ወጡ። በመሐላቸው ማንም የለም። አንዱ አንድ ክምር ወረቀት ታቅፏል። መኪናው ተነሥቶ ሄደ። እናቴ በረንዳው ላይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላለች። ልይዛት ስሄድ እጄን ገፋችው። «አትንኪኝ፣ ከነካሽኝ እጮኻለሁ» አለችኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ተጠራን። ኃላፊው ብቻውን ነው። «በሩን ዝጊው» አለኝ። ዘጋሁ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አለ።

አባቴ ሳይቀመጥ ጀመረ። «ጓድ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፤ እሷ…»

«ውሸቱን ነው፤ እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

ኃላፊው እጁን አነሣ። «ብዙ የተፋታ ሰው እዚህ ይመጣል» አለ። «ሚስቱን የሚደበድብም አይቻለሁ። መነጽሯን የሚጠርግላት አላየሁም።» ከዚያ አንዱን ወረቀት በጣቱ ገፋ አደረገ። «ይኼ ለምርመራ ክፍል የሚሄድ ነው። ትርፍ ቤት በሐሰት ፍቺ ስለደበቁ ሁለት ሰዎች። ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የቀረው ፊርማዬ ነው።» ሁለተኛውን ገፋ። «ይኼ ደግሞ ወይዘሮ ብዙነሽ መኖሪያ ቤታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ያለ ምንም ክፍያ ለሕዝብ ማስረከባቸውን ይገልጻል። ይኼኛው ከተፈረመ ያኛውን አላውቀውም። አንድ ቤት ብቻ ካላችሁ መታረቃችሁን የሚጠይቅ የለም።»

አባቴ አፉን ከፈተ። የልጅነት ቤቴን ግድግዳ አንድ በአንድ ያቆመው እሱ ነው፤ ስድስት ዓመት ምራቅ የተተፋበት ለዚያ ቤት ነው። ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነበር። እናገራለሁ ብሎ ሊያጠፋን ነው ብዬ ደነገጥኩ።

እናቴ ግን ከጠረጴዛው ብዕሩን አንሥታለች። «የት ላይ ነው?» አለች።

«አያነቡትም?»

«ምኑን አነባለሁ? ቦታውን ያሳዩኝ።»

ጣቱን ያኖረበት ላይ ፈረመች። ኃላፊው ማኅተሙን መታና መታወቂያቸውን መለሰላቸው። ያኛውን ወረቀት ግን አልቀደደውም። አጥፎ ኪሱ ከተተው። ይህን ሦስታችንም አይተናል፤ ለዓመታት እንቅልፍ የነሣንም እሱ ነው።

ከግቢው ስንወጣ ማንም አልተናገረም። ዋናው መንገድ ላይ ጋሪዎቹ እየተንኳኩ ያልፋሉ። አባቴ ሳያስበው አስፋልቱን ተሻግሮ በማዶ በኩል መሄድ ጀመረ። ከእሷ ጎን መሄድን እግሩ ረስቶታል። እናቴ ቆመች።

«ደምሴ!» ብላ ጮኸች።

በስሙ በአደባባይ ከጠራችው ስድስት ዓመት ሆኗታል። አባቴ ግራና ቀኝ አየ፤ ማን እንደሰማ ሊያይ። ከዚያ ፈርቶ፣ ጋሪ ሊገጨው እየደረሰ፣ ተሻግሮ መጣ። እናቴ ክንዱን ያዘችው። ከእድር ሴቶች ሁለቱ ከሱቅ በር ላይ ሆነው አፋቸውን ከፍተው ያዩናል። አባቴ ያን ጊዜ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። እናቴ «ቀጥ ብለህ ሂድ» አለችው፤ ክንዱን ግን ቤት እስክንደርስ አልለቀቀችም።

ከወር በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አስታረቋቸው። ሽማግሌዎቹ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በዚያ እርቅ ይኮሩ ነበር። ከሐዲዱ አጠገብ ባለችው ሁለት ክፍል ሦስታችን ገባን። ባቡር ባለፈ ቁጥር ዕቃው ይንቀጠቀጣል። በር በተንኳኳ ቁጥርም አባቴ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ያቺ የታጠፈች ወረቀት የሰው ኪስ ውስጥ ነበረችና።

ለሕዝብ ተሰጠ በተባለው ቤታችን ማን እንደገባ ትጠይቁኝ ይሆናል። በሁለተኛው ወር ኃላፊው ራሱ ከነቤተሰቡ ገባበት። አባቴ ይህን ሲሰማ ሦስት ቀን አልበላም። «ዘረፈን!» ይል ነበር። እናቴ ግን በየዓመቱ ለዚያ ሰው ጸሎት ታደርግ ነበር። ስሙን ጠርታ፣ ከሞቱ ዘመዶቿ ቀጥላ። እኔ እስካሁን አልወሰንኩም። ወላጆቼን አጥፍቶ ቤቱን መውሰድ ይችል ነበር። ደግሞ ዝም ብሎ ማኅተሙን መትቶ ሊያሳልፈንም ይችል ነበር። ምሕረት ነው የምለው? ዝርፊያ? እናንተ ምን ትሉታላችሁ?

እኔን ያ ቀን በአንድ ነገር ቀይሮኛል። ልጅ ሆኜ በአባቴ ብልጠት እኮራ ነበር። አዋጁን አታለልነው ብዬ በልቤ እስቅ ነበር። ግራሩ ሥር ቁልፉን ሲያስረክበኝ ግን ብልጠቱ ምን እንዳስከፈለን አየሁ፤ ስድስት ዓመት እዚያው ከተማ ውስጥ ተነፋፍቀው ኖሩ፣ ስሙ ጠፋ፣ ብቻውን ወለል ላይ ወደቀ። ቤቱን ደግሞ መጨረሻ ላይ ሰጠነው። ከዚያ ወዲህ ብልጠት ያስፈራኛል። «ችግር የለውም፣ ወረቀት ነው» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ልጆቼ ፈሪ ነሽ ይሉኛል። ይበሉ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ደርግ ወድቆ ዓመታት ካለፉ በኋላ ያለ አግባብ ቤት የተወሰደበት ያመልክት ተባለ። አባቴ ልቡ ዘለለ። እኔም ቅጹን ሞልቼ ይዤላቸው ሄድኩ። ቤቱ በእናቴ ስም ስለነበረ የምትፈርመው እሷ ናት። ወረቀቱን ፊቷ ስዘረጋው ሳታየው መልሳ ገፋችው።

«እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ነው። በግድ ነው የወሰዱብሽ» አልኳት።

«ማን ወሰደብኝ? ሸጬዋለሁ» አለች።

«ምን ተቀበልሽና ነው የሸጥሽው?»

በአገጯ ወደ በረንዳው አመለከተችኝ። አባቴ ሹራቡን ደርቦ ተቀምጧል፤ ሬዲዮው አልሰማ ብሎት ያጉረመርማል።

«ዋጋው ያውልሽ» አለችኝ። ከዚያ የሚጠጣ ነገር ልታደርስለት ተነሣች። እኔም ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።